ፕሮፌሰር ያልነበሩት የታሪክ አስተማሪያችን፤ አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ



በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ልጽፍ የተነሣሁት በለቅሶ ቤት በሰማሁት ክርክር ምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት እዚሁ ሩዋንዳ ሠፈራችን ሠልስት ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ከድንኳኑ ጥግ ሁለት ወጣቶች ስለ አፄ ዮሐንስና ስለ አፄ ምኒልክ ይከራከሩ ጀመር። አንዱ ያነሣውን ሌላው ይጥላል፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣል። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄዶ ሐዘንተኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው ደረሱ። በመጨረሻ ከአባሎቻችን አንድ አዛውንት፣ ለመሆኑ ስለ ሁለቱ ነገሥታት የተጻፈ መጽሐፍ አንብባችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ሁለቱም ዝም አሉ። የሚያውቁት ሁሉ ከስልክ ላይ የሰሙት ነበር።

እኔም ወደ ቤቴ ከገባሁ በኋላ የአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ነገር በልቤ ሲመላለስ አመሸ። ስለ ሁለቱም ነገሥታት፣ ስለ አፄ ቴዎድሮስም ጭምር፣ ለየራሳቸው ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ በአማርኛ ጽፈው ያስቀመጡልን እሳቸው ናቸውና። መጽሐፉ አለ፣ አንባቢው ግን የለም። ስለዚህ የኚህን ሰው ሕይወትና ሥራ በአጭሩ ባስታውስ፣ እኛም እናስታውስ፣ ልጆቻችንም ይጠይቁ ይሆናል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

አቶ ተክለ ጻድቅ የሸዋ ሰው ናቸው። የተወለዱት በፈረንጆች አቆጣጠር 1913፣ በእኛ 1905 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። ዘመኑን ልብ በሉ። የአድዋ ድል ከሆነ ገና 17 ዓመት ነው። ዳግማዊ ምኒልክም ያረፉት በዚያው በፈረንጆች ዓመት ማለቂያ ላይ፣ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በልጅነታቸው በአድዋ የዘመቱት ሰዎች በየመንደሩ በሕይወት ነበሩ። ዛሬ እኛ በመጽሐፍ የምናነበውን ያን ጊዜ ሰው ከአያቱና ከአባቱ አፍ ይሰማው ነበር። አፍ ግን ይረሳል፤ ደግሞም ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ያ የሰማ ሁሉ ካልጻፈው ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይወርዳል። ይህን እኛ የዕድር ሰዎች ከማንም ይበልጥ እናውቀዋለን።

በዚያን ጊዜ የአገራችንን ታሪክ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ምን ነበረው? ዜና መዋዕሉ በብራና ተጽፎ በቤተ መንግሥትና በገዳማት ተቀምጧል፤ አብዛኛውም በግዕዝ ነው። የታተመ የአማርኛ የታሪክ መጽሐፍ በጣት የሚቆጠር ነበር። የአለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ በ1914 ዓ.ም. አሥመራ ታትሞ ወጣ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ዋዜማ ደግሞ በ1921 ዓ.ም. ወጣ። እነዚህ ትልልቅ ሰዎች በር ከፋቾች ናቸው፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ቢሆንም ታሪኩን ከጥንት ጀምሮ በተራ አስቀምጦ፣ ዘመኑን ከፍሎ፣ የትምህርት ቤት ልጅ እንዲያጠናው አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ገና ይጠበቅ ነበር።

ይህ ሳይሆን ጠላት መጣ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ አቶ ተክለ ጻድቅ የሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ጎልማሳ ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በአዲስ አበባ ሕዝቡ ተጨፈጨፈ፤ በተለይም የተማረው ወጣት እየተለቀመ ተገደለ። አገሪቱ ገና አስተምራ ያበቀለቻቸው ልጆች ባጭር ተቀጩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1931 ዓ.ም. በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ ሞቱ። ከዚያ ትውልድ ተርፎ ከድል በኋላ ብዕር ለማንሣት የበቃው ጥቂት ነው። አቶ ተክለ ጻድቅ ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ናቸው፤ ያልተጻፈውን የመጻፍ ዕዳም በነሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ሲቋቋም እሳቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆኑ። በየሹመቱ እያለፉም ከፍ ካለ ደረጃ ደረሱ፣ በዲፕሎማትነትም ውጭ አገር ሠርተዋል። ነገር ግን ዛሬ ስማቸውን የምናነሣው በሹመታቸው አይደለም። በዚያ ዘመን የነበሩ ሹማምንት ብዙ ናቸው፤ የአብዛኞቹን ስም ዛሬ ማንም አያስታውሰውም። እሳቸውን ያስታወሰን ደመወዝ ያልተከፈላቸው ሥራ ነው። ያለ ወንበርና ያለ ማዕረግ ታሪክ ሲጽፉ ኖሩ። በዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አልነበሩም። በቢሮ የሠራን ሰዎች እንደምናውቀው፣ ቀኑን ሙሉ ሲጻፍበትና ሲፈረምበት የዋለ እጅ ማታ ሌላ ነገር ለመጻፍ ይታክተዋል። እሳቸው ግን ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አልታከቱም።

ዋናው ሥራቸው የኢትዮጵያ ታሪክ በሚል ስም የወጡት አራት መጻሕፍት ናቸው። አንደኛው ስለ ኑብያ፣ ስለ አክሱምና ስለ ዛጉዬ ዘመን ይተርካል። ሁለተኛው በ1262 ዓ.ም. ከነገሡት ከአፄ ይኩኖ አምላክ ተነሥቶ እስከ አፄ ልብነ ድንግል ይደርሳል። ሦስተኛው ከአፄ ልብነ ድንግል እስከ አፄ ቴዎድሮስ ነው፤ በውስጡ የግራኝ ጦርነት፣ የጎንደር ዘመንና ዘመነ መሳፍንት አሉበት። አራተኛው ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያለውን ይዟል። የወጡት ግን በዚህ ተራ አይደለም። ስለ ቅርቡ ዘመን የሚናገረው ቀድሞ ወጣ፣ ከሁሉ የጥንቱን የያዘው ደግሞ በ1951 ዓ.ም. ታተመ። ከሚታወቀው ተነሥተው ወደማይታወቀው ወረዱ ማለት ነው። ይህም ጉድጓድ እንደሚቆፍር ሰው ሥራ ነው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየጠበበና እየጨለመ ይሄዳል።

እኔ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍኩ ሰው ነኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሳለሁ የአቶ ተክለ ጻድቅ መጽሐፍ በክፍላችን ለአራት ልጅ አንድ ነበር። ሽፋኑ ተገንጥሎ በካርቶን ተለብጧል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሦስታችን እናዳምጣለን። የአፄ ቴዎድሮስ የመቅደላ መጨረሻ የደረሰን ቀን ተራው የሌላ ልጅ ስለነበረ ሳነብ አልዋልኩም ብዬ አኩርፌ እንደነበር አስታውሳለሁ። በዕድሜ ከኔ የምትቀራረቡ አባሎቻችን ተመሳሳይ ትዝታ እንዳላችሁ አልጠራጠርም። በየጠቅላይ ግዛቱ በየትምህርት ቤቱ ያለ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ያነብ ነበርና። ስለ ነገሥታቱ ቅደም ተከተል ዛሬ በቃላችን የምናውቀው ካለ፣ አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው።

አጻጻፋቸው እንዴት ነበር ብትሉ፣ ሁለት ነገር ልጥቀስ። አንደኛ፣ ግዕዙንና የአገር ቤቱን ዜና መዋዕል በአንድ እጅ፣ ፈረንጆች የጻፉትን በሌላ እጅ ይዘው ያመሳክሩ ነበር። ከሳቸው በፊት አብዛኛው ጸሐፊ ወይ ከአንዱ ወይ ከሌላው ያዘነብል ነበር። ሁለተኛ፣ አማርኛቸው የሊቅ ነኝ ባይ አማርኛ አይደለም። አረፍተ ነገሩ ቢረዝምም ይገባል። ባላገር ቁጭ ብሎ ቢነበብለት ይከተለዋል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ብዙ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ መናገር ይከብደዋል።

በዚህ መካከል አገራችን የራሷን ዩኒቨርሲቲ አቋቋመች። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም በውስጡ ተመሠረተ። ታሪክን በዘመናዊ ትምህርት የተማሩ ትልልቅ ምሁራን ወጡ። ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በጀርመን አገር፣ ዶክተር ታደሰ ታምራት በለንደን ተምረው መጡ። ሁለቱም በፈረንጆች 1972 ዓለም እስከ ዛሬ የሚጠቅሳቸውን መጻሕፍት አወጡ። እኛም እንኮራባቸዋለን። ነገር ግን መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፉት። የዩኒቨርሲቲውም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ለዓለም ሊቃውንት ለመናገር ግድ ነበረና ጥፋተኛ አልላቸውም። ይሁን እንጂ እንደኔ ያለው፣ ስድስተኛም ስምንተኛም ክፍል አቋርጦ ሥራ የገባው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ የቤት እመቤቷ ከዚያ ማዕድ የሚቆርሱት ነገር አልነበራቸውም። ለነዚህ ሁሉ በሩን ክፍት ያደረጉት አቶ ተክለ ጻድቅ ናቸው። የኚህን ሰው ዋና ውለታ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ መልሴ ይኸው ነው። የተማረው ለተማረው በሚጽፍበት ዘመን እሳቸው ላልተማረው ጻፉ።

በ1966 ዓ.ም. የግራኝ አህመድ ወረራ የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። ነገሩ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ ስሜት የሚነካ ነው። በእኛ ዕድር እንኳ ክርስቲያኑም እስላሙም አብረን ነን፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይቀብራል፣ ስለዚህ ክብደቱን እንረዳዋለን። የዚያን ጦርነት ነገር በዓይኑ አይቶ በሰፊው የጻፈው ከኢማሙ ጋር የዘመተው ዓረብ ፈቂህ ነው፤ የክርስቲያኑን ወገን ደግሞ ዜና መዋዕሉ ይናገራል። የዚያ ዘመን ታሪክ የሁለቱንም ወገን ጽሑፍ ሳያይ ሊጻፍ አይችልም። ዛሬ ሰው የመጽሐፉን ስም ብቻ አይቶ ይቀየም ይሆናል። እኔ የምለው ግን አንብቦ መቀየምም፣ አንብቦ መመስገንም መብት ነው፤ ሳያነቡ መቀየም ግን ትርፉ ጠብ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። ንጉሡ ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሹማምንት ተረሸኑ። አቶ ተክለ ጻድቅ ያገለገሉት መንግሥት ሰዎች ከፊሉ ሞተ፣ ከፊሉ ታሰረ፣ ከፊሉ ተሰደደ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ተለወጡ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የሚያልቅ የታሪክ መጽሐፍ ከዴስክ ላይ ተነሣ። የነገሥታትን ታሪክ መጻፍ ፊውዳል የሚያሰኝበት ጊዜ ሆነ። አንድ ሰው የዕድሜውን ሙሉ ሥራ እንዲህ ሲነሣበት ብዕሩን ቢሰቅል ማን ይፈርድበታል? በጡረታው ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ዕድሜውን ቢጨርስ ማንም አይወቅሰውም ነበር።

እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ዩኔስኮ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካን ታሪክ በስምንት ትልልቅ ቅጾች ያስጽፍ ነበር። ዓላማውም አፍሪካውያን ታሪካቸውን ራሳቸው እንዲጽፉ ነው። ሁለተኛው ቅጽ በፈረንጆች 1981 ታትሞ ወጣ። በዚያ ውስጥ ስለ አክሱም የተጻፉ ምዕራፎች አሉ። አንዱን የጻፉት በአገራችን ቁፋሮ ሲመሩ የኖሩት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ናቸው። ሌላውን የጻፉት በሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ የአፍሪካ ተቋም ባልደረባ የነበሩት ዩሪ ኮቢሽቻኖቭ ናቸው። ከሳቸው ቀጥሎ ያለውን፣ አክሱም ክርስትናን ስለ ተቀበለበት ዘመን የሚናገረውን ምዕራፍ የጻፉት የእኛው አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው። በሦስተኛውም ቅጽ ስለ አፍሪካ ቀንድ የሚናገረውን ጽፈዋል።

በመጽሐፉ ላይ የጸሐፊዎቹ ስም ከነማዕረጋቸው ተዘርዝሯል። አንዱ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ሌላው የዚያ ሙዚየም ኃላፊ፣ ሦስተኛው የዚያ አካዳሚ አባል ይላል። ወደ አቶ ተክለ ጻድቅ ስንደርስ ግን ጸሐፊ፣ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ዐዋቂ፣ ጡረተኛ ይላል። ሌላ ማዕረግ የለውም። እኔም ጡረተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህች ቃል ልቤን ነካችው። ከዓለም ሊቃውንት መካከል አንድ ኢትዮጵያዊ ጡረተኛ እኩል ተቀምጦ ማለት ነው። የተቀመጠውም በሥራው ነው።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ይበልጥ ያስደንቃል። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት በሞላበት ጊዜ፣ በ1981 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት የተባለውን መጽሐፍ በኩራዝ አሳታሚ በኩል አወጡ። በ1982 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስና የኢትዮጵያ አንድነት ተከተለ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ምኒልክና የኢትዮጵያ አንድነት ታተመ። በሦስት ዓመት ሦስት ትልልቅ መጽሐፍ! ጊዜውን አስታውሱ። በሰሜን ጦርነቱ ተጋግሟል፣ ልጆቻችን በብሔራዊ ውትድርና ይዘምታሉ፣ በየሠፈሩ መርዶ ይነገራል። መጽሐፍ ሁሉ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ያልፋል። በዚያ መካከል አንድ ሽማግሌ ሦስቱን ነገሥታት በአንድ ዓይን አይተው፣ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ርዕስ ሰጥተው ጻፉ።

የዚህን ነገር ፍሬ ልናስተውል ይገባል። ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ሰው አንዱን ንጉሥ መርጦ ሌላውን ይጥላል። ደርግ አፄ ቴዎድሮስን ይወድ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአፄ ምኒልክ ስም ጠብና ክርክር በዛ። አቶ ተክለ ጻድቅ ግን የጎንደሩንም፣ የትግራዩንም፣ የሸዋውንም እኩል ደክመውባቸዋል። አንደኛው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ሁለተኛው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ሦስተኛው በየካቲት 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል አደረጉ። መንገዳቸው ለየቅል ቢሆንም ሦስቱም የደከሙት አገሪቱን አንድ ለማድረግ ነው የሚለው ሐሳብ የሦስቱ መጻሕፍት ማሠሪያ ነው። የምኒልክ መጽሐፍ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ መንግሥቱ ተለወጠ። ሽማግሌው ሦስተኛ መንግሥት ሲያልፍ አዩ፤ ጣሊያንንም ብንቆጥር አራተኛ ነው።

መቼም ሰው ሆኖ እንከን የሌለበት የለም። በሥራቸው ላይ የሚነሣውን ነቀፌታ ደብቄ ባልፍ ደግ አይሆንም። ታሪካቸው የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው ይባላል። እውነት ነው። ገበሬው ምን ይበላ ነበር፣ ሸማኔው እንዴት ይኖር ነበር፣ በደቡብና በምሥራቅ ያለው ሕዝብ ስለ ራሱ ምን ይላል የሚለው በሰፊው አይገኝበትም። የኋላ ምሁራን ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዙ ሠርተዋል፣ ገናም ይቀራል። ግን አንድ ነገር እናስብ። ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ምሰሶውን ያቆማል። ግድግዳውን መምረግና ጣራውን መክደን የተከታዩ ፈንታ ነው። ምሰሶ ያቆመውን ሰው ግድግዳውን ለምን አልመረግህም ብሎ መውቀስ አይገባም።

አቶ ተክለ ጻድቅ በ1992 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ስድስት አልፎ ነበር። የሕይወቴ ታሪክ ብለው የጻፉትም መጽሐፍ ከሞቱ በኋላ ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል። የሌላውን ሁሉ ታሪክ ጽፈው የራሳቸውንም ሳያስቀሩ ሄዱ ማለት ነው።

ውድ አባሎቻችን፣ ዕድራችን የሚሰበስበን ሰው ሲሞት ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እንደረድራለን፣ ቀብረን እንመለሳለን። ሬሳውን በወጉ እንሸኛለን፣ ሰውየው የሚያውቀውን ነገር ግን አብረን እንቀብረዋለን። ባለፉት ዓመታት ከመካከላችን ስንት አርበኛ፣ ስንት ወታደር፣ ስንት የእጅ ባለሙያ ተለየን? ከመዝገባችን ላይ ያለው ስማቸውና የከፈሉት መዋጮ ብቻ ነው። አቶ ተክለ ጻድቅ ከጡረታ በኋላ እንደ ጻፉት ሁሉ እኛ መጽሐፍ ባንጽፍ እንኳ፣ እያንዳንዳችን የምናውቀውን በአንድ ደብተር ላይ ለልጆቻችን ማስፈር አያቅተንም። ለዚህ ዲፕሎማ አይጠየቅም።

እነዚያ ሁለት ወጣቶችም ይህን ጽሑፍ ካነበቡት አንድ ነገር ላስታውቃቸው። የአፄ ዮሐንስና የአፄ ምኒልክ ሁለቱም መጻሕፍት እቤቴ አሉ። መጥታችሁ ውሰዱ። አንደኛችሁ አንዱን፣ ሁለተኛችሁ ሌላውን ያንብብ፤ ስትጨርሱ ተለዋወጡ። ከዚያ በኋላ ብትከራከሩ እኔም መጥቼ አዳምጣለሁ።

እግዚአብሔር ለከርሞ በሰላምና በጤና ያድርሰን።